ያልተቆጠሩ እናቶች

ከይርጋጨፌ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በዱመርሶ ቀበሌ የሚኖረው ወንድይፍራው ጅግሶ ሁለት ሥራ ነበረው። በመኸር ወራት ከቡና ማጠቢያው ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ገበሬው የሚያመጣውን እሸት ቡና ይመረምራል። እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ አንድ እፍኝ ያወጣል፤ ቀዩን ከጥሬው፣ ጤነኛውን ከተበላሸው ለይቶ ይመለከታል፤ ከዚያም ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ሁለተኛው ሥራው ደመወዝ አልነበረውም። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለ ነበረ፣ ወጣቶች ሊጋቡ ባሰቡ ጊዜ የሁለቱን ወገን ዘር የሚያጣራው እርሱ ነው። በዚያ አጥቢያ ልማድ እስከ ሰባት አባት ይቆጠራል። በሰባቱ ውስጥ ዝምድና ቢገኝ ጋብቻው ይቀራል፤ በዘር የሚሄድ ደዌ ቢገኝም ይቀራል።

ይህን ሃያ ዓመት ሠራ። መማለጃ አልተቀበለም፤ ለዘመድ አላደላም፤ መልስ ለመስጠት ያመነታበትም ቀን አይታወስም። በእርሱ ዘንድ ነገር ሁሉ ወይ አዎን ነበር ወይ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው ፈሪ ይመስለው ነበር። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያልቅ ግን እርሱ ራሱ በሁለቱ መካከል ቆመ።

ነገሩ የተጀመረው በሚስቱ በሸዋነሽ ነው። አስቀድሞ የዐይኖቿ ቆቦች ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። በስብከት መካከል ታንቀላፋለች ብለው ሰዎች ይታዘቧት ነበር፤ ወንድይፍራውም ሁለት ጊዜ ገሥጿታል። ቀጥሎ እንሰት ለመፋቅ ስትቀመጥ ክንዷ ቶሎ ይዝል ጀመር፤ ጥቂት ፍቃ ታርፋለች፤ ጥቂት ደግማ ታርፋለች። ጎረቤቶቿ «የሽማግሌ ሚስት ሥራ ናቀች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። በመጨረሻ ከወንዙ እስከ ቤቷ ያለውን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ መቀመጥ ግድ ሆነባት። ታናሽ ወንድሟም እንዲሁ ጀምሮት በአርባ ዓመቱ መሞቱን አስታውሳ ዝም አለች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ዝምታዋን ያልታገሠች አንዲት ልጃቸው ትንቢት ነበረች። ትንቢት በይርጋጨፌ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። በዲላ ከተማ በመሬት ቅየሳ ለሚሠራ ምሕረቱ ለተባለ ወጣት ታጭታ፣ ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። ይህች ልጅ እናቷን አውቶቡስ አሳፍራ ዲላ ወዳለ ሆስፒታል ወሰደቻት። በዚያ ያለችው ሐኪም፣ ዶክተር ሮማነወርቅ፣ ከእናቲቱ ደምና ከጭኗ ጥቂት ሥጋ፣ ከልጂቱም ደም ወስዳ፣ በአዲስ አበባ ባለ አንድ ተመራማሪ በኩል ወደ ውጭ አገር ላከች። መልሱ በሰባተኛው ወር መጣ። ሊሰሙም ሦስቱ አብረው ሄዱ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ብትሆንም ቃሏን የምትመዝን ነበረች። በሰው አካል ሕዋሳት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ እጅግ ደቂቅ ነገሮች እንዳሉ፣ ጡንቻ የሚንቀሳቀስበትንም ኃይል የሚያመርቱት እነርሱ እንደ ሆኑ፣ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ብቻ በመቶዎችና በሺዎች እንደሚቆጠሩ አስረዳች። እነዚህም የራሳቸው የሆነ አጭር የውርስ ጽሕፈት አላቸው፤ በሸዋነሽ ጡንቻ ውስጥ ከመቶው በሰባው ያህል አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኝታለች።

ወንድይፍራው እስከዚህ ድረስ የገባው መሰለው። «እንግዲህ ደዌዋ ይህ ነው» አለ።

«ምናልባት» አለች ሐኪሟ።

ቃሉ እንግዳ ሆነበት። ሰባት ወር የተጠበቀ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወረቀት «ምናልባት» ይላል ብሎ አልጠበቀም ነበር። እርሷ ግን ሳትቸኩል ቀጠለች። ይህ ለውጥ በሌላ አገር በጥቂት ሕሙማን ላይ ታይቷል፤ ደግሞ ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይም ታይቷል። ስለዚህ ገሚሶቹ ተመራማሪዎች ለጡንቻ መድከም ምክንያት ነው ሲሉ፣ ገሚሶቹ የሰው ፊት ከሰው ፊት እንደሚለይ ያለ ልዩነት ነው ይላሉ። ልዩነት ሁሉ ደዌ አይደለም። የሸዋነሽን ሁኔታና የወንድሟን ታሪክ ስታይ እርሷ ወደ ፊተኛው ታዘነብላለች፤ ነገር ግን ማዘንበል መፍረድ አይደለም።

«ከማን አመጣችው?» ሲል ጠየቀ።

«ከእናቷ። ይህ ጽሕፈት ከአባት አይወረስም። እናት ለወንዱም ለሴቷም ልጇ ትሰጣለች፤ ወንዱ ተቀብሎ በእርሱ ያበቃል፤ ሴቷ ግን ለልጆቿ ታሳልፋለች።»

«አባትስ?»

«አባት በዚህ ነገር የለበትም።»

ወንድይፍራው ወንዝ ከቆላ ወደ ደጋ ይፈስሳል የተባለ ያህል ሐኪሟን ትክ ብሎ ተመለከታት። በዚህ መካከል ትንቢት፣ እጆቿን በጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ የእርሷን ውጤት ጠየቀች። በደሟ ውስጥ ከመቶው ሃያ ያህሉ ተለውጦ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ደም የጡንቻን ነገር በትክክል አይናገርም። ትንቢት ዕድሜዋን በሙሉ ላይነካት ይችላል፤ ሊነካትም ይችላል። ብትወልድ አንዱ ልጇ ከእርሷ ያነሰ፣ ሌላው ከእርሷ የበለጠ ሊወስድ ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚወስድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ወንድይፍራው የሚያውቀውን ነገር ፈልጎ ያዘ። «ከአንድ ጆንያ አንድ እፍኝ ባወጣ» አለ፤ «ጆንያው እኩሌታው ጥሬ ቡና ቢሆን እንኳ እፍኜ ቀይ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ነው?»

«እንደዚህ ነው።»

«ታዲያ በእፍኝ ጆንያ አይፈረድም።»

«በእርስዎ ሥራ እንዴት እንደሚፈረድ አላውቅም፣ አባቴ። በእኔ ሥራ ግን አይፈረድም።»

በዚያች ቅጽበት ወንድይፍራው ሃያ ዓመት በእፍኝ የመለሳቸው ጆንያዎች ትዝ አሉት፤ ከጆንያዎቹም ይልቅ ሲራክ ትዝ አለው።

ሲራክ የአጎራባቿ የጨለለቅቱ ከተማ ሰው ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ካሳነሽ የምትባል የዱመርሶ ልጅ አጭቶ ነበር። ዘሩን ያጣራው ወንድይፍራው ነው፤ የሲራክ አባት እግሩ ከድቶት በሰው ትከሻ ተደግፎ መሞቱን ሰማ፤ አንድ ቀንም ሳያሳድር «ይህ ቤት ደዌ አለበት» ብሎ ፈረደ። እጮኛነቱ ፈረሰ። ካሳነሽ ሰባቱም አባቶቹ ንጹሓን ለተባሉለት ሌላ ሰው ተዳረች፤ ሰባቱ ንጹሓን ይሁኑ እንጂ ስምንተኛው፣ ባልየው ራሱ፣ ሰካራም ነበር፤ በእርሱም እጅ ስትደበደብ ኖረች። ይህን ወንድይፍራው ያውቃል፤ ነገር ግን ስካርን መቁጠር የእርሱ ሥራ እንዳልነበረ ለራሱ ይነግረው ነበር።

«አንድ ሰው እግሩ ከድቶት ቢሞት» አለ ለሐኪሟ፣ ስም ሳይጠራ፤ «ልጁ ይወርሳል?»

«የዚህ ዓይነቱ ደዌ ከሆነ አይወርስም። ሌላ ዓይነት ከሆነ ሊወርስ ይችላል። በዘር የማይሄድም ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ላየው እችላለሁ?»

«ሞቷል።»

«እንግዲያስ አላውቅም» አለች።

አላውቅም ለማለት ምንም አለማፈሯ ወንድይፍራውን ከሁሉ ይልቅ አስገረመው። 

የምሕረቱ ቤተሰብ የዘር ጥያቄውን ለኅዳር አጋማሽ ቀጥሮ ነበር። ወንድይፍራው የራሱን ልጅ ዘር ሊያጣራ ስለማይችል፣ ያ ቤት ከራሱ በኩል ጠያቂ ይልካል። ወንድይፍራውም ነገሩን አገላብጦ አየው። የሚጠየቀው ሰባት አባት ነው። ሰባቱ አባቶች ንጹሓን ናቸው። እነርሱን በእውነት ቆጥሮ ዝም ቢል ሐሰት አልተናገረም። ጥያቄው ያልደረሰበትን ነገር የመመለስ ግዴታ በየትኛውም ሥርዓት አልተጻፈም። ይህን ሐሳብ ለመመርመር በሞከረ ቁጥር ምንም ስንጥቅ አላገኘበትም፤ ስንጥቅ ማጣቱም አስፈራው። ደግሞ በሌላ በኩል፣ እናገራለሁ ቢል ምን ይናገራል? ደዌ አለ ቢል፣ ሐኪሟ ያላለችውን ማለት ነው። ደዌ የለም ቢል፣ ያም እንዲሁ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የትኛው ወገን እንደ ቆመች ሳያውቅ ለእውነት መቆም ግድ ሆነበት።

ሸዋነሽን ምን እንደምታስብ ጠየቃት። ግቢያቸው ውስጥ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። 

«ሰባት አባት ስትቆጥሩ ሃያ ዓመት አዳመጥሁ» አለች። «አንድም ቀን እኔን ማንም ቆጥሮኝ አያውቅም። እናቴንም የቆጠራት የለም። ዛሬ በደዌ ነው ወይ የምቆጠረው?»

 ደግሞም ልጇን ያሳመመች እርሷ እንደ ሆነች ሳታስብ አንድ ሰዓት እንኳ እንደማያልፍ ነገረችው፤ ለምሕረቱ ቤት ከተነገረ በኋላ ግን በዚያች ቀበሌ ሴት ሁሉ ጣቷን ወደ እርሷ እንደምትቀስር አስታወሰችው። ዝም በል አላለችውም። ተናገርም አላለችውም።

ትንቢት ግን ከቅዳሜ እስከ ሰኞ አስባበት ወስና ነበር። አባቷ ጫማውን ሲያስር በር ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ ንገራቸው» አለችው። «ግን እንደ ሰማኸው ንገራቸው። ምናልባትን እንዳትጥላት።»

«ምናልባት የሚባል መልስ በዘር ጥያቄ ተመልሶ አያውቅም።»

«ምሕረቱም እኔን የሚያገባኝ በምናልባት መሆኑን ይወቅ። ሳያውቅ ካገባኝ አላገባኝም ማለት ነው።»

በቀጠሮው ቀን የመጣው ጠያቂ ሲራክ ነበር። ወንድይፍራው ከበር ሲያየው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ቀረ። ሲራክ ከጋብቻው ከተከለከለ በኋላ በጨለለቅቱ ሌላ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል፤ አሁን እዚያው ለሚኖረው ለምሕረቱ ቤት ጎረቤትና የጸሎት ወንድም ስለሆነ፣ ቃሉንም ስለሚያምኑት መረጡት። ከጨለለቅቱ በሞተር ብስክሌት አቧራ ጠጥቶ መጥቷል። የዱሮውን ነገር በቃልም በዐይንም አላነሣም። እንደ ሥርዓቱ ሁለቱ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሸዋነሽና ትንቢት በመጋረጃው ወዲያ ነበሩ፤ ሙሽራው በጥያቄው ቦታ መገኘት ስለማይፈቀድለት ዲላ ቀርቷል።

ሲራክ በትሕትና ጠየቀ፤ ወንድይፍራው ከራሱ ጀምሮ፣ አባቱን ጅግሶን አስከትሎ፣ ሰባቱን አባቶች አንድም ሳይስት ቆጠረ። ሲራክ የለምጽ፣ የዕውርነት፣ የሽባነትና የሚጥል በሽታ ነገር በየስሙ ላይ ጠየቀ። ለሁሉም «የለም» ተባለ፤ እውነትም አልነበረም። ሲራክ ሊነሣ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ነገሩ በዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር።

«ተቀመጥ» አለ ወንድይፍራው። «ያልጠየቅኸኝ ነገር አለ።»

ከዚያም በሆስፒታሉ የሰማውን በቅደም ተከተል ነገረው። ስለ ደቂቆቹ ነገሮች፣ ስለ ተለወጠችው ፊደል፣ ከእናት ብቻ ስለ መምጣቷ፣ ከመቶው ሰባና ከመቶው ሃያ ስለ መሆኗ ተናገረ። ምናልባት የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተናገረው፤ በተናገረው ቁጥርም ከአፉ የሚወጣው በግድ ነበር። ሲራክ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ግን ግንባሩን ቋጥሮ፣ ይህን ከየትኛው አባት ላይ ልጻፈው ብሎ ጠየቀ።

«ከአባት ላይ አይጻፍም። የእናት ነው።»

«የእናት መጻፊያ የለንም እኮ፣ ጋሼ።»

«የለንም» አለ ወንድይፍራው።  «ሌላም አለ። የአባትህ ደዌ የዚህ ዓይነት ከነበረ ላንተ አያልፍም ነበር። በአንተና በካሳነሽ ላይ የፈረድሁት ፍርድ ምናልባት ስሕተት ነበረ።»

ሲራክ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ምናልባት አሉ?»

«ሐኪሟ ከዚያ አላለፈችም። አባትህን ስላላየችው አታውቅም።»

«እኔን ሲከለክሉኝ ግን ምናልባት የሚል ቃል አልሰማሁም» አለ ሲራክ። «ይህን ቃል ያን ጊዜ ቢሰጡኝ ኖሮ፣ ካሳነሽና እኔ ተማክረን የምንሆነውን እንሆን ነበር። ዛሬ ለልጅዎ ሲሆን ቃሉ ተገኘ፤ ተሸክሜም እንዳደርስልዎ ይፈልጋሉ።»

 ወንድይፍራው ራሱን ሊያጸድቅ የሚችልባቸው ቃላት ሁሉ ወደ አፉ መጡ፤ በዚያ ዘመን ሐኪም እንዳልነበረ፣ ልማዱን እርሱ እንዳልሠራው፣ ክፋት እንዳልነበረበት። ሁሉም እውነት ነበሩ። አንዱንም አልተናገረም።

«እፈልጋለሁ» አለ። «ባታደርስልኝም አልፈርድብህም።»

ሲራክ ተነሥቶ እጁን ሰጥቶት ወጣ። ፊቱ ላይ ቍጣ ይሁን ኀዘን ወንድይፍራው ሊለይ አልቻለም። በሳምንቱም ውስጥ ሥራው ላይ ሆኖ ይህን ብቻ ያሰላስል ነበር፤ ሲራክ ምናልባትን ጥሎ ደዌውን ብቻ ቢያደርስ፣ በእርሱ ላይ የተደረገውን መለሰ እንጂ አልበደለም። ከጣቢያው በር ላይ አንድ ገበሬ ጆንያውን አውርዶ ሲጠብቅ፣ ወንድይፍራው አንድ እፍኝ አወጣ፤ መለሰ፤ ሌላ እፍኝ አወጣ፤ ያንንም መለሰ። ገበሬው ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቡናዬን ሊቀበሉት ነው ወይስ ሊያጥቡት?» አለው። በሰልፉ ያሉት ሳቁ። ወንድይፍራው ጆንያው በሸራ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረገፍ አዘዘ፤ ሰልፉም እስከ መንገዱ ድረስ ቆሞ ዋለ።

በሰባተኛው ቀን ሲራክ ተመልሶ መጣ። የምሕረቱ ቤት እሺ ብሏል።

ወንድይፍራው ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ነገር ግን የሲራክ ፊት ደስታ የሚያስነሣ አልነበረም። ሲራክ ሁሉንም እንደ ሰማው እንዳደረሰ፣ ምናልባትንም እንዳልጣላት፣ እንዲያውም ለአንድ መስማት የተሳናቸው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ እንደ ደገማት ተናገረ። የቤቱ ሽማግሌዎች እስከ መጨረሻው ካዳመጡት በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባቱ አባቶች ንጹሓን ናቸው ወይ? ናቸው ብሎ መለሰ። እንግዲያስ ስለ ሴትዮዋ ጉልበት ምን ታደክመናለህ፣ የማን እናት ነው ጉልበቷን የማያማት፣ ብለው ሳቁበት፤ ወደ ሠርጉ ድንኳን ነገርም አለፉ።

«እሺ ብለውኛል» አለ ሲራክ። «ለምን ጥያቄ እሺ እንዳሉ ግን አላውቅም።»

ወንድይፍራው ተቀመጠ። እርሱን ሃያ ዓመት ያገለገለው ልማድ፣ ሲራክን ባለ ደዌ ብሎ የመለሰው ልማድ፣ ዛሬ ልጁን ንጽሕት ብሎ አሳልፏታል፤ ሁለቱንም ያደረገው ሳያይ ነው። እውነቱን ተናግሯል፤ እውነቱ ግን የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ወድቋል። ግዴታውን ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም? ሲራክን ጠየቀው። ሲራክም አላውቅም አለ፤ በዚህ ቃል ላይ ሁለቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ትንቢት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «ምሕረቱ ሰምቷል?»

«በቦታው አልነበረም» አለ ሲራክ። «እሺ መባሉን ነገሩት እንጂ ሌላውን አልነገሩትም።»

እርሷም ነጠላዋን አንሥታ ለአባቷ አብረን ዲላ እንሂድ አለችው። ወንድይፍራው የሙሽሪት አባት ከሠርግ በፊት ወደ ሙሽራው መሄድ ነውር እንደሆነ ሊነግራት ጀምሮ ተወው። መንገድ ዳር አውቶቡስ ሲጠብቁ ምን ብሎ እንደሚናገር እንደማያውቅ ነገራት።

«የምናገረው እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ ምናልባትን ከረሳሁ አስታውሰኝ።»

ምሕረቱን ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ አገኙት። ትንቢት ቆማ ነገረችው፤ አንድም ነገር አልረሳችም፤ አባቷም የሚያስታውሳት ነገር አልነበረም። ወጣቱ አንድ ጊዜ ወደ እርሷ፣ አንድ ጊዜ ወደ አባቷ እያየ አዳመጠ። ልጅ ስለ መውለድ ጠየቃት፤ አላውቅም አለችው። ትታመሚያለሽ ወይ አላት፤ አላውቅም አለችው። ሐኪሟን ራሱ ሄዶ ሊሰማ እንደሚፈልግ፣ ጊዜም እንዲሰጡት ለመነ። ወደ ዱመርሶ ሲመለሱ ትንቢት በመስኮቱ በኩል አንገቷን አዙራ መጣች። ወንድይፍራው አለቀሰች ወይ ብሎ ለማየት አልደፈረም።

ምሕረቱ በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ዱመርሶ መጣ። ወንድይፍራው ወንበር አውጥቶ ሊቀበለው ተነሣ፤ ወጣቱ ግን ሰላምታ ሰጥቶት አልፎ፣ ከእንሰቱ ሥር ከተቀመጠችው ከሸዋነሽ አጠገብ በጉልበቱ ዝቅ አለ። ለቅየሳ የሚጠቀምበትን ደብተር ከኪሱ አወጣ።

«እማማ፣ እናትዎ ማን ይባላሉ?»

ሸዋነሽ ወደ ባሏ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ወጣቱ። «አትጠገብ» አለች።

«የእርሳቸው እናትስ?»

«አልጣሽ።»

«የእርሳቸውስ?»

ሸዋነሽ እናቷ «የጨለለቅቱዋ» እያለች ስትጠራት እንደ ሰማች፣ እጅግ ደካማ ሴት እንደ ነበረች፣ ስሟን ግን ማንም እንዳልነገራት ተናገረች። ምሕረቱ «የጨለለቅቱዋ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያም በላይ ሦስት ባዶ መስመር ተወ። ወንድይፍራው ቀርቦ ደብተሩን አየ። በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ምሕረቱ የራሱን ጽፏል፤ ወለላ የምትባል የእናቱ ስም ብቻ ነበረ፤ ከእርሷ በላይ ስድስት ባዶ መስመር።

«ሐኪሟ የእኔም የእናት ወገን ምን እንዳለው አይታወቅም አለችኝ» አለ ወጣቱ፣ ሳይጠየቅ።

«ይህ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» አለ ወንድይፍራው። ሊገሥጸው ብሎ አይደለም፤ በእውነት አልገባውም ነበር።

«አላውቅም፣ ጋሼ። መሬት ስንቀይስ ያላየነውን ባዶ እንተወዋለን እንጂ መስመር አንሰምርበትም።»

«ሠርጉስ?»

«ትንቢት ሐሳቧን ካልለወጠች ጥር እንዳለ ነው። ስለ ልጅ ዛሬ አንወስንም፤ አብረን ሐኪሟን እንጠይቃለን። ያኔም ምናልባት የምትለን ይመስለኛል።»

ወንድይፍራው ይህ ድፍረት ይሁን አለማወቅ፣ ፍቅር ይሁን ወጣትነት ሊፈርድ ፈለገ፤ የሚፈርድበትንም መለኪያ በውስጡ ሁሉ ፈልጎ አጣ። በሚቀጥለው እሑድ ከዘር ማጣራቱ ሥራ እንዲያሰናብቱት ለቤተ ክርስቲያኑ ሊነግር ወስኗል፤ ምክንያቱን ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ግን እስከዚያች ሰዓት አላወቀም።

ሸዋነሽ እጇን ዘረጋች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ከተማረችው ፊደል የቀራትን ያህል ታነብ ነበር።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችው ምሕረቱን።

ደብተሩን አቀረበላት። ስሟ በገጹ ግርጌ፣ ከትንቢት ስም ቀጥሎ ከፍ ብሎ ተጽፎ ነበር። ሸዋነሽ የቀኝ ዐይኗን ቆብ በጣቷ ወደ ላይ አንሥታ ያዘችና ስሟን ቀስ እያለች አነበበች።